ታንክ ነጂው ከብረቱ ውስጥና ከብረቱ ውጭ

ታንክ ከሩቅ ሲያዩት የማይደፈር ይመስላል። ከውስጥ ሆኖ የሚነዳው ሰው ግን የሚያየው በጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ከፊቱ ያለውን እንጂ ከጎኑና ከኋላው የሚመጣውን አያይም። ብረቱ ይጠብቀዋል፤ ደግሞም ያሳውረዋል። ይህን ለመረዳት በሁለት ጦርነቶች የሆነውን እናመዛዝን። ቀኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በሶቪዬት ኅብረት ከታወቁት ታንክ ነጂዎች አንዷ ማሪያ ኦክትያብርስካያ ናት። ባሏ በ1933 ዓ.ም. ከጀርመን ጋር ሲዋጋ ሞተ። እርሷም ንብረቷን ሽጣ 50,000 ሩብል ለመንግሥት ሰጠች፤ በገንዘቡ ታንክ ተሠርቶ ራሷ እንድትነዳው ለስታሊን በቴሌግራም ለመነች። ተፈቀደላት። ሙያውን ተምራ «ቲ 34» የተባለውን ታንክ እየነዳች በጥቅምት ወር 1936 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋጋች። በሶቪዬት ጦር ሠራዊት ነጂው መካኒክም ነበር፤ የታንኩ ሰንሰለት ሲበላሽ ወርዶ መጠገን የእርሱ ሥራ ነበር። ማሪያም ተኩሱ ሳይበርድ ከአንድ ጊዜ በላይ ወርዳ ጠግናለች። ጥር 8 ቀን 1936 ዓ.ም. በቪቴብስክ አቅራቢያ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለች የጥይት ፍንጣሪ መታት፤ ራሷን እንደ ሳተች ቆይታ መጋቢት 6 ቀን ዐረፈች። «የሶቪዬት ኅብረት ጀግና» የሚለው ማዕረግ የተሰጣት ከሞተች በኋላ፣ በሐምሌ ወር ነው።

ማሪያ የተመታችው ከብረቱ ስለ ወጣች ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በሽሬ፣ ደምበጉና በተባለው ስፍራ፣ የኢጣሊያን ታንከኞች ለሞት ያበቃቸው ግን ያው ብረት ነበር።

በታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ገሠገሠ። የጠላት ክፍል ሲያፈገፍግ የፊታውራሪ ሽፈራው ሰዎች የደምበጉናን በር ቀድመው ያዙበት። መንገድ እንዲከፍቱ ታንኮች ታዘዙ። እነዚህ ክብደታቸው 3 ቶን ያህል የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሽ ታንኮች ነበሩ፤ ነጂው በስተቀኝ፣ ተኳሹ በስተግራ ይቀመጣል። በላያቸው የሚሽከረከር መድፍ የለም። መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ የተተከለ ስለ ሆነ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ለመተኮስ ነጂው ታንኩን በሙሉ ማዞር ግድ ይሆንበታል። ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት ላይ ደግሞ መዞር ቀርቶ መሄዱም ጭንቅ ነው። በሜዳ ቢሆን ኖሮ፣ በእኔ ግምት፣ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

የእኛ ሰዎች ፀረ ታንክ መሣሪያ አልነበራቸውም። ታንከኛው በማያይበት በኩል እየቀረቡ ተጋፈጡት እንጂ። አንድ ባላምባራስ ከኋላ ዘለው ታንክ ላይ ወጥተው ታንከኞቹን በሰይፍ እንደ መቱ ይተረካል። ከታንኮቹ የተገለበጡም፣ የተቃጠሉም፣ የተማረኩም ነበሩ።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ሰዎች ላይ የመርዝ ፈሳሽ የያዙ ቦምቦች ጣሉ። ይፐሪት የተባለው ይህ መርዝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይንን ያጠፋል። ታንክን ቀርቦ መያዝ ይቻላል፤ ከአየር የሚወርደውን መርዝ ግን ቀርበው የሚይዙት አይደለም።

ራስ እምሩ ከሽሬ ጦርነት በኋላ ወደ ጎሬ ሄደው ትግሉን ቀጠሉ። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም.፣ ከደምበጉና በዓመቱ፣ በከፋ ምድር በጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ዛሬ ከጅማ ወደ ቦንጋና ወደ ሺሺንዳ የሚሄድ መንገደኛ ይህንኑ ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ኢጣሊያኖች ራስ እምሩን ወስደው ፖንዛ በተባለች ደሴት አሰሩዋቸው። በሐምሌ ወር 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ወደዚያችው ደሴት በተወሰደ ጊዜ የተቀመጠው ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው።