ሰማይ ላይ መብራት ሲሄድ

ባለፈው የፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ፡፡ ቡናው ተፈልቶ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ መብራት ሄደ፡፡ ማንም አልደነገጠም፡፡ አንዱ ሻማ ፍለጋ ተነሣ፣ ሌላው የእጅ ስልኩን አበራ፣ ጨዋታውም ቀጠለ፡፡ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ ቀንሶ አገሩ ሁሉ በፈረቃ የበራበትን ጊዜ ያሳለፍን ሰዎች ነንና ለጨለማ አዲስ አይደለንም፡፡

የደነገጠችው እህቴ ብቻ ናት፡፡ ድንጋጤዋም ለቤቱ አልነበረም፡፡ ልጇ የአብራሪነት ሥልጠና ላይ ናት፤ ለበዓሉ ፈቃድ ወስዳ መጥታ አጠገባችን ተቀምጣለች፡፡ እህቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ይኼ መብራት ሰማይ ላይ ቢሄድስ? አውሮፕላኑ ይወድቃል አይደል?» አለችኝ፡፡

በእኛ ቤት ሕግ የተማረ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመናል፡፡ እኔም እምነቱን ላለማፍረስ፣ «አይወድቅም፣ አታስቢ» አልኳት፡፡ ልጅቱ ፈገግ ብላ፣ «ጋሼ፣ እሱ እንኳ እንደ አውሮፕላኑ ነው» አለች፡፡ «እንደ ሁኔታው ነው» የሚለውን መልስ ለደንበኞቼ ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ ሲመለስልኝ ግን አልተመቸኝም፡፡ በማግስቱ የማሠልጠኛ መጻሕፍቷን ተውሼ አነበብኩ፡፡ ያልገባኝን እሷ አስረዳችኝ፡፡ ልጆቻቸውን ወደዚህ ሙያ የላኩ ሌሎች ወላጆችም ይኖራሉና የተረዳሁትን ላካፍል፡፡

በአገራችን ለአብራሪነት ሥልጠና ከሚያገለግሉት አነስተኛ አውሮፕላኖች መካከል ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ40 ይገኙበታል፡፡ ከሴስናው ልጀምር፡፡

መኪና ያለው አንባቢ ግማሹን ያውቀዋል፡፡ በአሁኖቹ ሴስናዎች ላይ 24 ቮልት ባትሪ አለ፡፡ አብራሪዋ ቁልፉን ስታዞር ባትሪው ሞተሪኖውን ያሽከረክራል፤ ሞተሪኖውም ሞተሩን ያስነሣል፡፡ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በቺንጋ የተያያዘው ዲናሞ፣ በመጻሕፍቱ ስሙ አልተርኔተር፣ መዞር ይጀምርና 28 ቮልት ያመነጫል፡፡ ከባትሪው ለምን በለጠ ቢሉ፣ ውኃ ከዝቅታ ወደ ከፍታ እንደማይፈስ ሁሉ ዲናሞውም ባትሪውን መሙላት የሚችለው ከባትሪው ከፍ ያለ ግፊት ሲኖረው ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ባትሪው እየተሞላ ይጠብቃል፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ዲናሞው ነው፡፡

ኃይሉ ብዙ እንዳይመስላችሁ፡፡ የተለመደው ዲናሞ አቅም 60 አምፔር ነው፡፡ በ28 ቮልት ሲባዛ 1,680 ዋት ይመጣል፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሺሕ ዋት በላይ የሚፈልገውን የእንጀራ ምጣዳችንን እንኳ ማሞቅ አይችልም፡፡ በዚህችው ኃይል ሬዲዮው፣ የአቅጣጫ መሣሪያው፣ መብራቶቹና በክንፉ ጀርባ ያሉት ፍላፖች ይሠራሉ፡፡

ኃይሉ በመጀመሪያ «ባስ» ወደሚባሉ ማከፋፈያዎች ይገባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ብሬከር በኩል ድርሻውን ይወስዳል፡፡ ቆጣሪያችን አጠገብ እንዳለው ማለት ነው፤ መስመሩ ከልክ በላይ ሲጫን ብሬከሩ ይዘላል፡፡ ልዩነቱ ከዘለለ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው፡፡ እኛ ቤት ብሬከር ሲዘል እየሄድን እንመልሰዋለን፤ ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም፡፡ ሠልጣኟ የተማረችው ግን ለበረራው የግድ የሚያስፈልግ መሣሪያ ካልሆነ እንዳትነካው፣ ከሆነም ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ጊዜ ብቻ እንድትሞክር ነው፡፡ ደጋግሞ መመለስ እሳት መጥራት ነው፡፡

አሁን ዲናሞው ሥራ አቆመ እንበል፡፡ መብራት ወዲያው አይጠፋም፡፡ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፡፡ ባትሪው ዝም ብሎ ሸክሙን ይረከባል፤ ሬዲዮው ይናገራል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፡፡ የሚለወጠው አንድ ቁጥር ነው፡፡ ግፊቱ ከ28 ይወርድና ከ24.5 ቮልት በታች ሲሆን የማስጠንቀቂያ ምልክት ይበራል፡፡ ምልክቱን ያየች አብራሪ የዲናሞውን ብሬከር ታያለች፣ ዲናሞውን አጥፍታ ታበራለች፡፡ ካልተመለሰ እንደገና ታጠፋውና ፈረቃ ታውጃለች፡፡ የማያስፈልገውን ሁሉ እያጠፋች፣ ለማረፊያ የሚያስፈልጋትን ሬዲዮና ፍላፕ አስቀርታ፣ አመቺ ወደሆነው ቅርብ ማረፊያ ትሄዳለች፡፡ ጥሩ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊያቆያት ይችላል፤ ያረጀ ባትሪ ግን ያንን ያህል አይሰጣትም፡፡ ምልክቱን ያላየች አብራሪ ደግሞ ያንኑ ግማሽ ሰዓት ሳታውቀው ትጨርሰዋለች፡፡ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፡፡

ሁሉም ቢጠፋስ? በሴስናው ላይ ለእህቴ የሰጠሁት መልስ ትክክል ነበር፡፡ ሞተሩ ከባትሪውም ከዲናሞውም ምንም አይለምንም፡፡ ማግኔቶ የሚባሉ ሁለት መሣሪያዎች አሉት፤ ሞተሩ ራሱ እያዞራቸው በማግኔት ጉልበት ለካንዴላዎቹ እሳት ይሰጣሉ፡፡ አራት ሲሊንደር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ካንዴላ፣ በድምሩ ስምንት፡፡ አንዱ ማግኔቶ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል፡፡ ከመነሣቷ በፊት ሠልጣኟ ሁለቱንም ተራ በተራ ትፈትሻለች፡፡ በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ዳኝነት ነፃነት ስንማር፣ በጀቱን ከሌላ የሚለምን ዳኛ ነፃ ሊሆን አይችልም እንባል ነበር፡፡ ማግኔቶ በጀቱን የማይለምን ዳኛ ነው፡፡

የከፍታና የፍጥነት መለኪያዎቹም በአየር ግፊት የሚሠሩ ስላሉ ሁሉም አይጨልሙም፡፡ ሬዲዮው ቢዘጋ እንኳ የማማው ተቆጣጣሪ በብርሃን ያናግራታል፡፡ የማይቆራረጥ አረንጓዴ ማለት «እረፊ» ነው፤ የማይቆራረጥ ቀይ ደግሞ «ለሌላው ቅድሚያ ስጪ፣ መዞርሽን ቀጥዪ»፡፡

ዲኤ40 ላይ ስንደርስ ግን የልጅቱ «እንደ አውሮፕላኑ ነው» ትርጉም ያገኛል፡፡ አዲሱ ዓይነት በጄት ነዳጅ የሚሄድ የናፍጣ ሞተር አለው፡፡ ካንዴላም ማግኔቶም የለውም፡፡ ነዳጁ መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩም ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፡፡ ሞተሩ ቆጣቢና ለአያያዝ ቀላል ነው፤ በምላሹ ግን የኤሌክትሪክ ጥገኛ ሆኗል፡፡ መብራት ፈጽሞ ከጠፋ ሞተሩም ይጠፋል፡፡

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2007 በጀርመን ሽፓየር ከተማ፣ የዚሁ ፋብሪካ ምርት የሆነና በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ሁለት የናፍጣ ሞተሮች ያሉት ዲኤ42 አውሮፕላን ባትሪው ሞቶ ተገኘ፡፡ ከውጭ በመጣ ኃይል ተነሣና በረረ፡፡ ከመሬት እንደለቀቀ አብራሪው ጎማዎቹን ለማጠፍ ማንሻውን ነካ፡፡ ጎማ ማጠፍ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ባዶው ባትሪ ሊያግዝ አልቻለም፡፡ ግፊቱ ለቅጽበት ወረደ፡፡ ለሬዲዮ ቅጽበት ምንም አይደለም፤ የሞተሮቹ ኮምፒዩተሮች ግን ጠፍተው እንደገና ተነሡ፤ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ፡፡ አውሮፕላኑ በሆዱ አረፈ፡፡ የሰው ሕይወት አልጠፋም፡፡

ሁለት ሞተር የተገጠመው አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲያደርስ ነበር፡፡ ሁለቱም ከአንድ ማድጋ የሚጠጡ ከሆነ ግን ማድጋው ሲደርቅ አብረው ይጠማሉ፡፡ ከዚያ በኋላ መልሱ ለኮምፒዩተሮቹ የራሳቸው ማድጋ መስጠት ሆነ፡፡ ዛሬ ዲኤ40 ለሞተሩ ኮምፒዩተር ብቻ የተቀመጠ መጠባበቂያ ባትሪ አለው፡፡ ዲናሞውና ዋናው ባትሪ ሁለቱም ቢከዱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሞተሩን ያቆየዋል፡፡ የማግኔቶው ነፃነት በሌላ መንገድ ተመለሰ ማለት ነው፤ ግን በሰዓት ተለክቶ፡፡

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት፣ መጠባበቂያ ማለት ጊዜ ማለት እንደሆነ ነው፡፡ ጊዜው የሚጠቅመው ደግሞ መጀመሩን ላወቀ ሰው ብቻ ነው፡፡ ስለዚህም ወላጅ ልጁን ሊጠይቅ የሚገባው «መብራት ቢጠፋስ?» ብሎ ብቻ አይደለም፡፡ «የባትሪሽን ቁጥር አይተሻል? ቁጥሩ ካላማረሽስ አልበርም ትያለሽ?» ብሎም ነው፡፡ ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፡፡ ተራ ጠብቃ፣ አሠልጣኟ ቆሞ እያያት፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ «ይህ ባትሪ ደክሟል፣ ዛሬ አልነሣም» ማለት ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም፡፡ ሽፓየር ላይ የጎደለው ይኸው ነበር፡፡

ይህን ሁሉ ለእህቴ ሳስረዳ በትዕግሥት አዳመጠችኝ፡፡ ከዚያ እኔን ተወት አድርጋ ወደ ልጇ ዞረች፡፡ «አልበርም ብትዪ ይቆጡሻል?» ስትል ጠየቀቻት፡፡

«ቢቆጡም እላለሁ» አለች ልጅቱ፡፡

እህቴ ስኒዎቹን ሰብስባ ተነሣች፡፡ ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ያሳረፋት ይህ መልስ ነው፡፡