ንፉጉ መረሬ

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ሜዳ ነበርኩ። የሽምብራው ቅጠል ጠውልጓል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ እንኳ አላቃናውም። የማሳው ባለቤት፣ ጸጉራቸው የሸበተ ገበሬ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ስንጥቁ ውስጥ ሰደው አንድ ጓል አወጡና ለሁለት ገመሱት። «እስቲ ጉንጭህ ላይ አድርገው፣ ልጄ» አሉኝ። ቀዘቀዘኝ፤ ውስጡ ጥቁርና ወዛም ነበር። «ውሃ የለውም እንዳትል። አለው። ግን ንፉግ ነው፤ ይይዛል እንጂ አይሰጥም።»

ይህ ንግግር ወራት አብሮኝ ከረመ። አፈር የያዘውና የሚሰጠው ውሃ ለየቅል መሆኑን በቁጥር ለመናገር ሳይንሱ ብዙ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኤድጋር በኪንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ፣ አፈሩ ምን ያህል ውሃ አለው ከሚለው አልፎ፣ ውሃውን በምን ያህል ኃይል ጨብጦታል ብሎ ጠየቀ። የታጠበ ጋቢ አስቡ። መጀመሪያ ራሱ ይንጠባጠባል፤ ሲያቆም ይጨመቃል፤ በመጨረሻ ክንድ እስኪዝል ቢጠመዝዙትም እርጥበቱ አይለቅም። መንጠባጠቡ የሚያበቃበት የማሳው ውሃ የመያዝ አቅም ይባላል። የሥሩ ክንድ የሚዝልበት፣ ከከባቢ አየር ግፊት 15 እጥፍ በሚሆን ኃይል ስቦም የማይሳካለት ደግሞ የመጠውለጊያ ነጥብ ነው። እዚያ ላይ አሸዋ ባዶ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ከባድ ሸክላማ አፈር ግን ከይዘቱ ሩቡን ያህል ውሃ እንደጨበጠ ነው። ጉንጬን ያቀዘቀዘው ያ ነው።

በ1931 ሎሬንዞ ሪቻርድስ ውሃ ባልጠገበ አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በቀመር አሰፈረ። በ1980 ደግሞ የኔዘርላንድስ ተወላጁ ቫን ጌኑክተን ግፊትንና እርጥበትን የሚያያይዘውን ጠመዝማዛ መስመር በጥቂት ቁጥሮች አሠረው፤ አፈሩ ሲጠግብ የሚይዘው፣ እስከ መጨረሻው የማይለቀው፣ አልፋና ኤን የተባሉት የመስመሩ ቅርጽ ወሳኞች። ወረቀት ላይ ስስለው ውበቱ አሁንም ይገርመኛል።

ችግሩ፣ ቀመሩ የአፈሩን ቀዳዳዎች ባሉበት እንደሚጸኑ አድርጎ ይወስዳል። መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ግን በክረምት አብጦ ይደፈናል፤ በበጋ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ባለሙያዎቹ ቨርቲሶል የሚሉት ይህ አፈር በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል። አንዲት የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ «ናሙናው በግፊት ሲደርቅ ከቀለበቱ ይላቀቃል። ታዲያ የምለካው የትኛውን ይዘት ነው?» አለችኝ። ሸክላማ አፈር በግፊት ዕቃው ውስጥ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ከአሸዋው፣ ከደለሉና ከሸክላው መጠን ተነስቶ ይገመታል። በሰፊው የሚሠራበት የሳክስተንና የሮልስ የ2006 ስሌት የተቀመረው ከአሜሪካ አፈር ነው።

ገበሬው የልኬቱን ችግር ስነግራቸው አልተገረሙም። «ሲጠጣ ሌላ ነው፣ ሲሰጥ ሌላ ነው» አሉ። የላቦራቶሪ መስመርም እውነት ሁለት ነው፤ እየረጠበ ያለ አፈርና እየደረቀ ያለ አፈር በአንድ ግፊት እኩል ውሃ አይዙም። የእነዋሪ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው አፈር እየዛቁ መደብና ቦይ ሲሠሩ የኖሩት ይህን አፈር ስለሚያውቁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሲሠራ፣ የእነሱን የእጅ ሥራ ነው ለበሬ ያሸከመው።

በመስኖ ዕቅድ ላይ የሚሠሩ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄጄ፣ የመረሬ የውሃ ቁጥሮች ማሳው ላይ ተለክተው ነው ወይስ ተገምተው ብዬ ጠየቅኩ። «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ፤ ሁለት ጊዜም ደወልኩ። መልስ የለም። ቁጥሩ ከበለጠ ውሃው ዘግይቶ ይመጣና ስንዴው ይጠወልጋል፤ ካነሰ ደግሞ ማሳው ላይ ውሃ ይተኛል። ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ገበሬውን ስሰናበታቸው ጓሉን በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። «ይሄን ለካ፣ ግን በነሐሴም ና። ያኔ ሌላ አፈር ነው የምታገኘው» አሉኝ። አዲስ አበባ ደርሼ በማግስቱ ስፈታው ፌስታሉ በውስጥ በኩል ጤዛ አዝሏል።