ስለ ነገ የሚጨነቅ ልብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንነጋገረው የሰውን እንቅልፍ ስለሚነሣው፥ የማዕዱን ጣዕም ስለሚያጠፋው፥ በጸሎት ሰዓት እንኳ ልቡን ከመቅደስ አውጥቶ ወደ ገበያ ስለሚወስደው ስለ ጭንቀት ነው። ይህ ነገር ባለጸጋና ድኻ፥ የተማረና ያልተማረ ብሎ አይለይም።

በጉለሌ፥ በሽሮ ሜዳ ሰፈር የሚኖረውን ሸማኔ ምሳሌ አድርገን እንመልከት። አባቶቹ ከጋሞ ደጋ መጥተው በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሰፈሩ፥ ለአገሩ ሰው የክብር ልብስ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። እርሱም ቀን እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል። ሌሊት ግን እጁ ያርፋል እንጂ ልቡ አያርፍም። የድሩ ዋጋ ቢጨምርስ? የቤት ኪራዩ ቢጎድልስ? ባሕር ተሻግሮ የሄደው ልጄ ድምፁ ቢጠፋስ? እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ ይነጋበታል። ሌሊቱን ሙሉ ከደከመበት ከዚህ ሥራ ግን አንድ ክንድ ጨርቅ አይገኝም። የጭንቀት ጠባዩ ይህ ነው፤ ያለ ድርና ያለ ማግ እንደ መሸመን ነው፤ ያደክማል እንጂ አያለብስም።

ይሁን እንጂ አስቀድሞ ማሰብና መጨነቅ አንድ አይደሉም። ክረምት ሳይገባ ጣራን መጠገን፥ ለልጅ ትምህርት ጥቂት ማኖር ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄ ሥራን ይወልዳል፤ ጭንቀት ግን የተያዘውን ሥራ ያስጥላል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ስለ ኑሮ አትጨነቁ ብሎ ደጋግሞ ሲያዝ ሥራ ፍቱ ማለቱ አይደለም። የሰማይ ወፍ ጎተራ የላትም፤ ነገር ግን ማልዳ ከጎጆዋ ትወጣለች። የከለከለን የነገን ሸክም በዛሬ ትከሻ ላይ መደረብን ነው።

እዚህ ላይ፥ «እኔ ስለምጨነቅ እምነት የለኝም ማለት ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይደለም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሱ አዝናለች፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ሆኖ እንደ ወረደ ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል። ታላቁ ነቢይ ኤልያስም ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞቱን ለምኖ ነበር። እግዚአብሔርም በዚያ ሰዓት አልገሠጸውም፤ መልአኩን ልኮ አስቀድሞ እንጀራና ውኃ ሰጠው፥ አስተኛው፥ ዳግመኛም አበላው። ንግግሩ ከዚያ በኋላ በኮሬብ ሆነ። ከዚህ የምንማረው የደከመውን ሰው ከመገሠጽ በፊት ማብላትና ማሳረፍ እንደሚገባ ነው።

እምነት መድኃኒትን መናቅም አይደለም። ከጉለሌ በላይ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም፥ ብዙ ሕሙማን ለጠበል ይወጣሉ። ከእነርሱም መካከል የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው የተገኘባቸው ነበሩ። መንግሥት መድኃኒቱን በ1997 ዓ.ም. በነፃ ማደል ከጀመረ በኋላም፥ አንዳንዶቹ «ክኒን ከዋጥሁ ጠበሉን ማመኔ ይፈርሳል» ብለው በሁለት ሥጋት መካከል ተጨንቀው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጠበሉ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጽ አስተማሩ። ይህም የአባቶች ትምህርት ነው፤ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ጭንቀት ጸንቶበት ለብዙ ቀናት እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰው ከጸሎቱ ጋር ወደ ሐኪም ቢሄድ፥ ከእምነቱ አንዳች አላጎደለም።

እንግዲያስ እምነት የሚሰጠን ምንድር ነው? በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አቅራቢያ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አርበኞችን እንዲያወግዙ፥ ሕዝቡም እንዲገዛላቸው እንዲያስተምሩ በጠየቋቸው ጊዜ እምቢ ብለው በጥይት ተደብድበው ዐረፉ። እምነታቸው ጠመንጃውን ከፊታቸው አላስወገደላቸውም። ነገር ግን ጠመንጃው በአንደበታቸው ሐሰትን እንዲያናግር አልፈቀደለትም። እምነት የሚያስፈራውን ነገር ሁሉ ከመንገዳችን አያነሣም፤ የሚያስፈራው ነገር ጌታችን እንዳይሆን ግን ይከለክለዋል።

ይህንንም በየዕለቱ የምንለማመድበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ማታ በጸሎት ስንቆም ጭንቀታችንን በየስሙ ለእግዚአብሔር እንንገረው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች፥ በነገር ሁሉ ልመናቸውን ከምስጋና ጋር እንዲያቀርቡ ሲመክር እርሱ ራሱ በእስራት ነበር። በድሎት ተቀምጦ ያልመከረ በመሆኑ ምክሩ ይታመናል። ሁለተኛ፥ ሲነጋ የዛሬውን ሥራ ብቻ እንያዝ፤ ሸማኔው አንዱን ማግ ካለፈ በኋላ ሌላውን ይወረውራል እንጂ ጋቢውን ሁሉ በአንድ ውርወራ አይጨርስም። ሦስተኛ፥ ለብቻችን አንሸከም፤ ለንስሐ አባት፥ ለታመነ ወዳጅ እንናገር። ዕድሩና ማኅበሩ የተሠራው ለቀብርና ለድግስ ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ሳለ የጨነቀውን ወንድም ለመጠየቅም ነው።

ስለዚህ፥ ወዳጆቼ ሆይ፥ ይህን የምትሰሙ ሁሉ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በጎረቤታችሁ መብራቱ ያልጠፋ፥ ደጁም የተዘጋ ሰው እንዳለ አስቡ። ነገ ማልዳችሁ ደጁን አንኳኩ። ኤልያስን ያበላው መልአክ ምናልባት በእናንተ እጅ እንጀራ ሊልክ ይሆናል።

አምላካችን ልባችንን በሰላሙ ይጠብቅልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።