ፕራት፦ ጆሮ የሚሰማውን ለዓይን

«ዋና» የሚል ቃል ብቻውን ተጽፎ ብናገኘው ስለ ውሃ ይሁን ስለ አለቃ መለየት አንችልም። ላልቶ ሲነበብ መዋኘት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ቀዳሚው፣ የበላዩ። «ገና» እና «አለ»ም እንዲሁ ናቸው። ፊደላችን ልዩነቱን አይጽፈውም፤ ጆሯችን ግን አይስተውም። ይህን ጆሮ ብቻ የሚያውቀውን ነገር በዓይን ማየት ለሚፈልግ ሰው ፕራት የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ሳንቲም አይከፈልበትም።

ፕራት በሆላንድኛ «አውራ!» እንደ ማለት ነው። ሠሪዎቹ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የድምፀ ልሳን ምሁራን ፖል ቡርስማ እና ዳቪድ ዌኒንክ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምረውት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያድሱት ቆይተዋል። ኮዱም ለፈለገ ሰው ክፍት ነው። ለራሳቸው ሥራ እንዲሆን የሠሩት መሣሪያ መሆኑ መልኩ ላይ ያስታውቃል። ሲከፈት ሁለት መስኮት ይዘረጋል፤ አንዱ የድምፅ ፋይሎች ዝርዝር የሚቀመጥበት፣ ሌላው ለኅትመት የሚሆን ሥዕል የሚነደፍበት ባዶ ሰሌዳ። ሲከፈት «እንዲህ አድርግ» ብሎ የሚመራ ነገር አይታይም። እኔ ሁለተኛው መስኮት ለምን እንደሚከፈት ሳይገባኝ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ስዘጋው ኖሬያለሁ።

ድሮ ድምፅን ወደ ምስል የመቀየሩን ሥራ የሚሠራው ሶናግራፍ የሚባል ማሽን ነበር። 2.4 ሴኮንድ ድምፅ ብቻ ይቀበልና፣ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት እየለበለበ ምስሉን ያወጣል። ለአንዲት አጭር ሐረግ ደቂቃዎች መጠበቅ ግድ ነበር። ፕራት ያንኑ ምስል ዓይን እስኪርገበገብ ያሳያል።

ምስሉ ስፔክትሮግራም ይባላል። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው ይሄዳል፤ ከታች ወደ ላይ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይወጣል፤ ጉልበት ያለበት ቦታ ይጠቁራል። «ኢ» ስንል ሁለት ጥቁር መቀነቶች ይታያሉ፤ አንዱ ወለሉ ላይ፣ ሌላው ወደ ላይ ርቆ። «ኡ» ስንል ሁለቱም ታች ይሰበሰባሉ። «ሰ» ከላይ እንደ ዝናብ የተበተነ ግራጫ ነው። «ተራ» እና «ጠራ»ን ጎን ለጎን ያየ ሰው ደግሞ የ«ጠ»ን ምስጢር ያገኛል፤ ምላስ ሲላቀቅ ቀጭን ቋሚ መስመር ይወጣል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ገና እንደተዘጋ ስለሆነ ለቅጽበት ፀጥታ ይሆናል፣ አናባቢው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ«ተ» በዚያ ክፍተት ላይ ፀጥታ የለም፤ የትንፋሽ ጭስ አለ።

አሁን ወደ «ዋና» እንመለስ። ቃሉን አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ መቅዳት ነው። «ን» አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ ስለሚወጣ በሁለቱ ጥቁር «አ»ዎች መካከል ድንገት የፈዘዘ ጠገግ ሆኖ ይታያል። ያንን ጠገግ በማውስ ከዳር እስከ ዳር ብንጎትተው ርዝመቱ በሴኮንድ ሽራፊ ይጻፋል፤ አጠገቡም በቅንፍ፣ ይህን የሚያህል ስንት ቁራጭ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እንደሚገባ። የጠበቀው «ን» ካልጠበቀው በግልጽ ይረዝማል። ማጥበቅ ማለት በዋነኛነት መቆየት መሆኑን የሰዋስው መምህር ቢነግረንም፣ በዓይን ማየቱ ሌላ ነው።

ፕራትን ያስከበረው ግን የድምፅን ከፍታ የሚለካበት መንገድ ነው፤ ቡርስማ በ1993 ያሳተመው። ነገሩን በነጠላ ጥለት ልመስለው። ጥለቱ አንድ ቅርጽ እየደጋገመ ይሄዳል። ሁለት ተመሳሳይ ነጠላ ደራርበን የላይኛውን ቀስ እያልን ብናንሸራትተው፣ የሆነ ቦታ ላይ ጥለቱ እንደገና ይገጥማል። እስኪገጥም የተንሸራተተው ርቀት የአንዱ ቅርጽ ስፋት ነው። ፕራትም የድምፅ ቁራጭ ወስዶ በራሱ ላይ ያንሸራትተዋል። በ5 ሚሊ ሴኮንድ ከገጠመ፣ የድምፅ አውታር በሴኮንድ 200 ጊዜ እየተርገበገበ ነው ማለት ነው። ችግሩ፣ በ5 የገጠመ በ10ም ይገጥማል። ስለዚህ አንዳንዴ ፕሮግራሙ ይሳሳትና 200ውን 100 ይለዋል፤ ከፍታውን የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር ያለምክንያት ገደል ይገባል። ሻካራ ድምፅ ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ትልቁ ድካሙም እዚሁ ላይ ይመስለኛል፤ ለማንኛውም ነገር መልስ ይሰጣል። የአናባቢን መቀነቶች ሲፈልግ ጣሪያው 5500 ኸርዝ ላይ ተቀምጦ ይመጣል፤ ይህ ለአዋቂ ሴት የሚስማማ ነው። ወንድ ቀርፀን ወደ 5000 ካላወረድነው የተዛባ ቁጥር ሊሰጠን ይችላል፤ አያስጠነቅቅምም። ቁጥሩ እስከ ነጥብ ድረስ ስለሚጻፍ ደግሞ ያስከብራል። የሚያሳየውን ምስል በጆሮው የማያመሳክር ሰው ፕራትን ባይነካው ይሻለዋል።

የሚነኩት ግን ብዙ ናቸው። የንግግር ሐኪሞች የታመመ ድምፅ መንቀጥቀጡን ይለኩበታል። ዘፈን የሚለማመዱ ዜማቸው የት እንደሚወድቅ ያዩበታል። የወፍ ድምፅ የሚቀርፁ ደግሞ የምስሉን ጣሪያ ከ5000 ኸርዝ በላይ ከፍ ያደርጉና ፉጨቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ይመለከታሉ። የአማርኛን ድምፆች የለኩ የመመረቂያ ጽሑፎችን የገለጠም ስሙን ደጋግሞ ያገኘዋል።

በምስሉ ሥር ማስታወሻ የሚጻፍበት ረድፍ አለ፤ የግዕዝ ፊደልም ይቀበላል። የለካኋቸውን ሁለት ድምፆች ከፋፍዬ ስማቸውን ጻፍኩባቸው፤ በአንዱ ሥር «ዋና»፣ በሌላው ሥርም «ዋና»።