የኮምፒውተርን ፍጥነት ከፋብሪካው ወሰን በላይ ማሳደግ፦ ምን ያስገኛል? ምንስ ያስከፍላል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 መጀመሪያ በተለያዩ አገራት የሚኖሩ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ተመሳሳይ አቤቱታ ያሰሙ ጀመር። ውድ ዋጋ የከፈሉባቸውና በወቅቱ ከፈጣኖቹ ተርታ የሚመደቡ ኮምፒውተሮቻቸው ጌም ሲከፈትባቸው በድንገት ይዘጋሉ፤ ፕሮግራም ሲጫንባቸው ስህተት ያሳያሉ፤ አንዳንዴም ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍተው ይነሳሉ።

ከወራት ምርመራ በኋላ የቺፕ አምራቹ ኢንቴል በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ምክንያቱን አሳወቀ። 13ኛና 14ኛ ትውልድ የሚባሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ በውስጣቸው ባለ የተሳሳተ መመሪያ ምክንያት ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቁ ነበር። ከፍ ያለው ቮልቴጅም ቺፑን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል።

ኩባንያው ማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በ2 ዓመት አራዘመ። ይሁንና ማስተካከያው ጤነኛውን ቺፕ ከመጠበቅ አልፎ ቀድሞ የተጎዳውን ሊያድን አልቻለም። የተጎዳው ቺፕ መፍትሔ በሌላ መተካት ብቻ ነበር።

ከእነዚህ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ የኮምፒውተራቸውን ቅንብር በእጃቸው አልነኩም። የደረሰባቸው ነገር ግን የኮምፒውተራቸውን ፍጥነት በገዛ እጃቸው ለማሳደግ ለሚነሱ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ይዟል። ፍጥነት የሚገዛው በቮልቴጅ ነው። የቮልቴጅ ዕዳ ደግሞ በሙቀትና በዕድሜ ይከፈላል።

ኦቨርክሎኪንግ ምንድን ነው?

ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው እንደ ከበሮ ምት በእኩል ልዩነት በሚመጣ የኤሌክትሪክ ምት ታግዞ ነው። በሰከንድ የሚመታው ብዛት በኸርትዝ ይለካል። 4.5 ጊጋኸርትዝ የተባለ ፕሮሰሰር በሰከንድ 4.5 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። ማዘርቦርዱ የሚያመነጨው መነሻ ምት በአብዛኞቹ የዛሬ ኮምፒውተሮች 100 ሜጋኸርትዝ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን በ45 ሲያበዛው 4.5 ጊጋኸርትዝ ይሆናል። ተጠቃሚው ማባዣውን ወደ 47 ወይም ወደ 48 ከፍ በማድረግ ቺፑን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ሲያሠራው ኦቨርክሎኪንግ ይባላል።

ሁሉም ፕሮሰሰር ይህን አይፈቅድም። ኢንቴል ለዚህ ክፍት ያደረጋቸውን ቺፖች በስማቸው መጨረሻ ላይ በሚቀመጠው «ኬ» ፊደል ይለያቸዋል። የተቀናቃኙ ኩባንያ ኤኤምዲ አብዛኞቹ የዴስክቶፕ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ደግሞ ክፍት ናቸው። ማዘርቦርዱም ይህን የሚፈቅድ መሆን አለበት።

በነጻ ይገኝ የነበረ ፍጥነት

ይህ ልማድ ገናና ስም ያገኘው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ኢንቴል በ1998 ለገበያ ያቀረበው ሴለሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር በ300 ሜጋኸርትዝ እንዲሠራ የተሸጠ ነበር። ተጠቃሚዎች የማዘርቦርዱን መነሻ ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርትዝ ሲቀይሩት ብዙዎቹ ቺፖች ያለ ችግር 450 ሜጋኸርትዝ ደረሱ። ይህም የ50 በመቶ ጭማሪ ነው። በዚያን ጊዜ በ450 ሜጋኸርትዝ የሚሸጠው ፔንቲየም 2 ዋጋው በእጥፍ ድርብ የሚበልጥ ነበር።

ዛሬ እንዲህ ያለ ሲሳይ የለም። ከ2008 ወዲህ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውና የኃይል ፍጆታቸው እስከፈቀደ ድረስ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ያሳድጋሉ፤ ኤኤምዲም ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማል። ቀድሞ ተጠቃሚው ፈልፍሎ ያወጣው የነበረውን ትርፍ ፍጥነት አሁን አምራቹ አስቀድሞ ወስዶ ይሸጠዋል። ለተጠቃሚው የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

በፈሳሽ ናይትሮጅንና በፈሳሽ ሂሊየም እያቀዘቀዙ ፕሮሰሰርን ከ9 ጊጋኸርትዝ በላይ ያደረሱ ባለሙያዎች መኖራቸው እውነት ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል። ነገር ግን ይህ ለክብረ ወሰን የሚደረግ የደቂቃዎች ትርኢት እንጂ በቤት ውስጥ ሥራ የሚሠራበት መንገድ አይደለም።

ቮልቴጅ ለምን ይጨመራል?

በ5 ጊጋኸርትዝ ፍጥነት በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 0.2 ናኖሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በቺፑ ውስጥ የተደረደሩት ትራንዚስተሮች አንዱ የሌላውን ውጤት እየተቀበሉ በዚህች ቅጽበት ውስጥ ሥራቸውን ጨርሰው መገኘት አለባቸው።

ምቱ ሲፈጥን ጊዜው ያጥራል። አንድ ትራንዚስተር ሳይደርስ ቀጣዩ ምት ከመጣ የሚመዘገበው ውጤት የተሳሳተ ይሆናል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ትራንዚስተሮቹ በፍጥነት ስለሚበሩና ስለሚጠፉ ይደርሳሉ። ፍጥነት ጨማሪዎች ወደ ቮልቴጅ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ያለው በሂሳቡ ላይ ነው። ትራንዚስተሮች ሲበሩና ሲጠፉ የሚፈጀው ኃይል ከምቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጅ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ለምሳሌ በዚህ መንገድ 100 ዋት የሚፈጅ ቺፕ ፍጥነቱ ብቻ በ10 በመቶ ቢጨምር ፍጆታው 110 ዋት ይሆናል። ቮልቴጁም አብሮ በ10 በመቶ ቢጨምር ግን 133 ዋት ይደርሳል። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ተከፈለ ማለት ነው።

ከሙቀቱ ጋር የሚመጣ ሌላም መዘዝ አለ። በቺፑ ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን የብረት መስመሮች ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው አተሞቻቸው ከቦታቸው ቀስ በቀስ ይገፋሉ። ጎርፍ የወንዝን ዳር እየሸረሸረ እንደሚወስደው ሁሉ መስመሩም ከጊዜ ብዛት ይሳሳል። ሙቀቱም የኤሌክትሪኩም ብዛት ይህን መሸርሸር ያፋጥኑታል። ዛሬ ያለ ችግር የሚሠራ ቅንብር ከዓመት በኋላ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መብራት ማለት መረጋጋት አይደለም

ብዙ ጀማሪዎች ኮምፒውተሩ ከተነሳና ዊንዶውስ ከተከፈተ ሥራው የተሳካ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አደገኛው ስህተት ኮምፒውተሩን የሚያጠፋው አይደለም፤ እርሱስ ይታያል። አደገኛው በዝምታ የሚያልፈው ነው። የተሳሳተ ስሌት ሰነድ ውስጥ ይገባል፤ ሲገለበጥ የተበላሸ ፋይል እንደ ጤነኛ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ከወራት በኋላ የልጁን ፎቶግራፍ ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን ሊከፍት ሲሞክር ነው።

ለዚህ ነው ፍጥነት የጨመረ ሰው ቅንብሩን መፈተን ያለበት። ከታወቁት መፈተኛዎች አንዱ ፕራይም95 ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው እጅግ ግዙፍ ዋና ቁጥሮችን ለመፈለግ ነበር። መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ስሌት ለፕሮሰሰሩ ሰጥቶ ውጤቱን ስለሚያመሳክር በዝምታ የሚያልፈውን ስህተት ያጋልጣል። ለማስታወሻ ክፍሉ ማለትም ለራሙ ደግሞ ሜምቴስት86 ይውላል።

ራም ሲነሳ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በማዘርቦርዱ ቅንብር ውስጥ «ኤክስኤምፒ» ወይም «ኤክስፖ» የሚል ምርጫ ይገኛል። አንድ ጊዜ በመጫን ብቻ ራሙን ስለሚያፈጥን ብዙዎች እንደ ተራ ነገር ይቆጥሩታል፤ እርሱም ግን ኦቨርክሎኪንግ ነው። በ2023 የተወሰኑ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከነማዘርቦርዳቸው የመቃጠል አደጋ ሲደርስባቸው ምክንያቱ ከዚሁ ምርጫ ጋር ተያይዞ የሚጨምር ቮልቴጅ ሆኖ ተገኝቷል። ኤኤምዲም ያ ቮልቴጅ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ ገደብ አድርጓል።

ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

ማቀዝቀዣ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከቺፑ አንስቶ ወደ ክፍሉ አየር ያሸጋግረዋል እንጂ። ስለዚህ የክፍሉ ሙቀት የሁሉ ነገር መነሻ ነው። አንድ ማቀዝቀዣ ቺፑን ከክፍሉ ሙቀት 50 ዲግሪ በላይ አድርጎ ያቆየዋል እንበል። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ክፍል ቺፑ 75 ይሆናል። በጅቡቲ፣ በምጽዋ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገራት በጋ፣ አየር ማቀዝቀዣ በሌለውና 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል ግን ያው ኮምፒውተር 90 ይደርሳል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ የጨመረው ፍጥነት ተመልሶ ይወሰድበታል።

ደጋው አገር ሌላ ፈተና አለው። አዲስ አበባም አስመራም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሳሳ ነው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ለትላልቅ የመረጃ ማዕከላት የሚወጡ መመዘኛዎችም በዚህ ምክንያት ከፍታው ሲጨምር የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት ይቀንሳሉ። የደጋው ቀዝቃዛ አየር ግን ይህን ጉድለት ለመካስ ይረዳል።

አቧራም ከዚህ ይደመራል። በማራገቢያውና በብረት ክንፎቹ መካከል የተጋገረ አቧራ ውድ ማቀዝቀዣን ከንቱ ያደርጋል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። አሮጌ ኮምፒውተር አቧራው ተራግፎ ቅባቱ ሲታደስ ብቻ፣ ምንም ቅንብር ሳይነካ፣ ያጣውን ፍጥነት መልሶ ሊያገኝ ይችላል።

መሞከር የሚፈልግ ከምን ይጀምር?

አስፈላጊ ፋይሎችን በሌላ ቦታ መገልበጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቀጥሎም ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታና ሥራ ሲበዛበት ያለውን ሙቀት መዝግቦ መያዝ ይገባል። ሥራ ሲበዛበት ከወዲሁ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ከሆነ ጉዳዩ የማቀዝቀዣ እንጂ የፍጥነት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማባዣውን በአንድ ብቻ ማሳደግ፣ መፈተን፣ መመዝገብ፤ ደግሞም በአንድ ማሳደግ። ስህተት ሲታይ ሁለት ምርጫ አለ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ወይም ቮልቴጁን በጣም በትንሹ፣ በመቶኛ የቮልት ክፍልፋይ፣ ከፍ ማድረግ። ፍጥነትንና ቮልቴጅን በአንድ ጊዜ መቀየር ጥፋቱ ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ ያደርጋል። የቮልቴጁን ነገር «አውቶ» ለሚለው ምርጫ መተውም አይመከርም፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ከሚያስፈልገው በላይ ይለግሳሉ።

አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ቺፖች እኩል አይደሉም። አንዱ በቀላሉ የሚደርስበትን ፍጥነት ሌላው ጨርሶ ላይችለው ይችላል። ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር መነሻ ሐሳብ ሊሆን ይችል እንደሆነ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በዚህ መንገድ የደረሰ ጉዳት በአብዛኛው በአምራቹ ዋስትና እንደማይሸፈንም ማወቅ ያሻል።

ኮምፒውተሩ ከነጭራሹ አልነሳ ካለ የማዘርቦርዱን ቅንብር ወደ ፋብሪካው መመለስ ይቻላል። የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር ማለትም ባዮሱን ማደስ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ዩፒኤስ መሞከር የለበትም። በመሃል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግም ላይነሳ ይችላል።

ቮልቴጅን መቀነስስ?

ቮልቴጅን በካሬ የሚያስከፍለው ሂሳብ ወደ ኋላም ይሠራል። አምራቾች ደካማው ቺፕ እንኳ እንዲሠራ ሲሉ ለሁሉም ትንሽ ትርፍ ቮልቴጅ ይመድባሉ። ጠንካራ ቺፕ የደረሰው ሰው ፍጥነቱን ሳይነካ ቮልቴጁን በ10 በመቶ መቀነስ ቢችል ከላይ ያየነው 100 ዋት ወደ 81 ዋት ይወርዳል። ሁሉም ቺፕ ይህን ያህል ባይችልም ጥቂቱም ጥቅም አለው።

ሙቀቱ ሲቀንስ ማራገቢያው ይረጋጋል፤ ዩፒኤሱ መብራት ሲጠፋ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በሙቀት ምክንያት ራሱን ይገድብ የነበረ ፕሮሰሰር ደግሞ የተሻለ ፍጥነት ይዞ ሊዘልቅ ይችላል። በቮልቴጅ ማነስ ቺፑ አይጎዳም፤ ሆኖም ከመጠን በላይ ሲያንስ ስህተት ስለሚመጣ የመረጋጋት ፈተናው በዚህም አይቀርም።

ኮምፒውተሩን ለሥራውና ለትምህርቱ የሚጠቀም፣ ቢበላሽበት በቀላሉ የማይተካ ሰው ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚበጀው ለመወሰን አይቸገርም። ጥቂት በመቶ ፍጥነት በጌም ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ በዓይን አይለይም። ቀዝቅዞ፣ ሳይሳሳት፣ ለዓመታት የሚያገለግል ኮምፒውተር ግን በየቀኑ ይታወቃል።