ያውቁ ኖሯል? በደረቅ ብብት የሚታወቅ መርዝ

705 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል እና እዚያው ክፍለ ከተማ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ምን ያገናኛቸዋል? ዕፅን ለይቶ ማወቅ አንዳንዴ ድንገተኛ ክፍል ውስጥም ነፍስ ያድናል።

አስተናግርን እንውሰድ። በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅል፣ ነጭ የጡሩምባ ቅርጽ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው አረም ነው። ፍሬውን የበላ ሰው ይቃዣል፤ አየር ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል፣ ልብሱን ይጎነትላል። ቤተሰብ «ጋኔን ለክፎት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ሰውነቱም ስለሚያተኩስ ሐኪሙ ራሱ ማጅራት ገትር ወይም የጭንቅላት ወባ ሊጠረጥር ይችላል።

ፍንጩ ብብት ሥር ነው። ብሌኑ ሰፍቶ፣ ልቡ እየደለቀ፣ ቆዳው እየነደደ ብብቱ ግን ደረቅ ከሆነ አስተናግር ይጠረጠራል። በአንዳንድ ፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው ተቃራኒው ነው፦ በላብ ይጠመቃል፣ እንባና ምራቁ ይፈስሳል፣ ብሌኑ የመርፌ ጫፍ ያህል ይጠባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል። ለዚህኛው የሚሰጠው መድኃኒት አትሮፒን ነው፤ አስተናግር ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ይኸው አትሮፒን መሆኑ ይገርማል! በፀረ ተባይ ለተመረዘው ሰው መጠኑ በየ5 ደቂቃው እጥፍ እየተደረገ የሚሰጠው ደረቱ እስኪጠራ እንጂ ብሌኑ እስኪሰፋ አይደለም።

ሕመምተኛ ይዘው ወደ ሆስፒታል ሲሮጡ የበላውን ቅጠል ወይም ፍሬ፣ የጠጣበትን ጠርሙስ በፌስታል ቋጥረው ይውሰዱ፤ የተለመደው የደም ምርመራ አስተናግርን አያሳይምና። ለማስመለስ አይሞክሩ።