ፍሬን እየያዘች የፈጠነችው መንኮራኩር



ስለ ጠፈር ጉዞ ሲወራ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው እሳትና ጢስ እየተፋ ከምድር የሚፈናጠረው ግዙፍ ሮኬት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው ግን እጅግ ደካማ በሆነ አንድ ሞተር ላይ ነው። ደካማ ስንል ማጋነናችን አይደለም። ግፊቱ 7 ግራም ያህል የሚመዝን ነገር መዳፍ ላይ ሲያርፍ ከሚሰማው አይበልጥም፤ በቤታችን መለኪያ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የማይሞላ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሞተር ስትነሣ 367 ኪሎ ግራም ትመዝን የነበረችን መንኮራኩር ጨረቃ ዘንድ አድርሷል፤ ካደረሳትም በኋላ ወደ ጨረቃ ገጽ አቅርቦ አውርዷታል።

መንኮራኩሯ ስማርት 1 ትባላለች። ባለቤቷ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 2003 ከፈረንሳይ ጊያና ከሌሎች ሁለት ሳተላይቶች ጋር ተዳብላ በአሪያን 5 ሮኬት ወደ ጠፈር ወጣች። ሮኬቱ ግን ጨረቃ ድረስ አልሸኛትም፤ በምድር ዙሪያ ትቷት ተመለሰ ቢባል ይቀላል። የቀረውን መንገድ በራሷ ሞተር መጓዝ ነበረባት።

የሞተሩ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ዜኖን የተባለው ጋዝ ቀለበት መሰል ወደሆነ ክፍል ይገባል። በዚያ በመግነጢስ ኃይል ታግተው የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች የጋዙን አቶሞች ይገጯቸዋል፤ የተገጩት አቶሞችም የራሳቸውን ኤሌክትሮን አጥተው ኤሌክትሪካዊ ሙል ያገኛሉ። ከፀሐይ ሰሌዳዎች የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል እነዚህን ሙል ያላቸው አቶሞች በሰከንድ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ወደ ውጭ ይወረውራቸዋል፤ መንኮራኩሯም በተቃራኒው አቅጣጫ ትገፋለች። ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ የሚቆየው የኬሚካል ነዳጅ የሚወረወረው ግን በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህም ስማርት 1 ለመላው ዘመቻዋ የያዘችው ስንቅ 82 ኪሎ ግራም ዜኖን ብቻ ነበር። ሐሳቡም አዲስ አልነበረም፤ ሶቪየት ኅብረት የዚህ ዓይነት ሞተር በሜቴዎር ሳተላይት ላይ የጫነችው በ1971 መጨረሻ ነው።

ስማርት 1 በምድር ዙሪያ 332 ጊዜ እየዞረችና ምሕዋሯን እያሰፋች ከ13 ወራት በላይ ተጓዘች። በመንገድ ላይ የጠፈር ጨረር የሞተሩን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል እያወከ በድንገት ያጠፋው ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ ሞተሩ ራሱን በራሱ መልሶ እንዲያስነሣ የሚያዝ ፕሮግራም ከምድር ልከውላታል።

ኖቬምበር 15 ቀን 2004 ከጨረቃ ገጽ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈች። ጋዜጦች ይህን «ጨረቃ ደረሰች» ብለው ጻፉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ዋናው ሥራ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። አንድ ኮረብታ ላይ መድረስና ኮረብታውን ይዞ መቆየት የተለያዩ መሆናቸውን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። የመጀመሪያው የጨረቃ ምሕዋሯ እጅግ የተለጠጠ ነበር፤ አንዱ ጫፍ ከጨረቃ እምብርት 6,700፣ ሌላው 53,200 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አንዱን ዙር ለመጨረስ 129 ሰዓት ይፈጃል። በሩቁ ጫፍ ላይ የጨረቃ ስበት ስለሚላላ የምድር ስበት ሊነጥቃት ይችል ነበር። ትልቅ ሞተር ቢሆን የደቂቃዎች ፍሬን ይበቃው ነበር። ይህ ግን የጠፋውን ሰዓት በጉልበት ሊያካክስ አይችልም፤ አስቀድሞ መጀመርና አለማቋረጥ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ስለዚህ በዚያው ዕለት ጠዋት የተነሣው ሞተር የጉዞዋን አቅጣጫ እየተቃወመ አራት ቀን ያህል ያለማቋረጥ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሠራ። ከዚያም ወራት የፈጀው ቀስ በቀስ የማውረድ ሥራ ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የጭነት መኪና ያወረደ ሾፌር ፍሬን የሚይዘው ፍጥነቱን ለመቀነስ ነው። መንኮራኩሯ ግን ፍሬን በያዘች ቁጥር ፍጥነቷ እየጨመረ ሄደ! ምክንያቱ ይህ ነው፤ ፍሬኑ ኃይሏን ሲቀንስባት ወደ ጨረቃ ትወርዳለች፤ ስትወርድ ደግሞ የጨረቃ ስበት ከተቀማችው ፍጥነት የበለጠ ይሰጣታል። በመጀመሪያው ምሕዋር ሩቅ ጫፍ ላይ ፍጥነቷ በሰከንድ 144 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በፌብሩዋሪ 2005 መጨረሻ ምሕዋሯ ከጨረቃ ገጽ በላይ ከ470 እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዳለው ከፍታ ሲሰበሰብ፣ በሩቁ ጫፍ እንኳ በሰከንድ 830 ሜትር ያህል ትበር ነበር። የዙሩ ጊዜም ወደ 5 ሰዓት ወረደ። ብልኃቱ ፍሬኑ የሚያዝበትን ቦታ መምረጥ ነው፤ በቅርቡ ጫፍ ሲያዝ ሩቁ ጫፍ ይወርዳል፣ በሩቁ ሲያዝ ቅርቡ ይወርዳል።

በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት ሩቁ ጫፍ 10,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲቀር ነበር የታሰበው። ይሁን እንጂ ጨረቃ ስትደርስ የተጠቀመችው ዜኖን 59 ኪሎ ግራም ብቻ ስለነበር፣ የተረፈው ስንቅ ይበልጥ ለማውረድ አስቻለ። ካሜራዋና መሣሪያዎቿም የጨረቃን ገጽ ከቅርብ መረመሩ፤ የሥራ ዘመኗም በአንድ ዓመት ተራዘመ።

በ2005 ዜኖኑ አለቀ። ያለ ሞተር የቀረችው መንኮራኩር በምድርና በፀሐይ ስበት እየተጎተተች መውደቋ አይቀሬ ሆነ፤ እንደተተወች ብትቀር ኖሮ በኦገስት 2006 ከምድር በማይታየው የጨረቃ ፊት ላይ ትወድቅ ነበር። በጀርመን ዳርምሽታት የሚገኙት ተቆጣጣሪዎች ግን አቋሟን ለማስተካከል ብቻ የተሠሩትን ትንንሽ የሃይድራዚን ግፊት ሰጪዎች ተጠቅመው አወዳደቋን ለሳምንታት አዘገዩ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2006፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 28 ቀን 1998፣ እሑድ ጠዋት በ2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር እየበረረች ወደ ምድር በዞረው የጨረቃ ፊት ላይ ወደቀች። በሃዋይ ተራራ ላይ የሚገኝ አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕም የግጭቱን ብልጭታ ቀረጸው።